ያልተጨበጨበላቸው ስምምነቶች

ከአዳማ ወደ ወለንጪቲ በሚያወጣው መንገድ ዳር አንድ ቁርስ ቤት አለ። ስም የለውም። በሩ ላይ ያለው የለስላሳ መጠጥ ማስታወቂያ ብቻ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ፊት ለፊቱ ተሳቢዎች ተደርድረው ይቆማሉ። ሹፌሮቹ ፉል ወይም ፍርፍር ይበላሉ፤ ረዳቶቹ ጎማ በመዶሻ እየመቱ ይዞራሉ። ነፋሱ እንደ ልማዱ አቧራውን ያነሳዋል። አዳማ ነዋ።

ባለፈው ቅዳሜ እዚያ ከአንድ የማውቃቸው የጂቡቲ መስመር ሹፌር ጋር ሻይ እየጠጣሁ ነበር። ስድሳ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ሰው ናቸው። የቤቱ ሬዲዮ ስለ አንድ የመሪዎች ጉባኤ ያወራል። «ቀጣናዊ ትስስር»፣ «ሁለንተናዊ ትብብር»፣ «ስትራቴጂካዊ አጋርነት»... ጋሼ ጆሯቸውንም አልሰጡት። ወረቀቶቻቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግፈው ይቆጥራሉ። ሊብሬ፣ መንጃ ፈቃድ፣ የጭነት ሰነድ፣ የጉምሩክ ወረቀት፣ አንዲት ቢጫ ካርድ።

ቢጫዋን አነሷትና ቀኗን አዩ። «ይቺ ካለች ሌላው ይታለፋል» አሉኝ። ቆይተው ደግሞ አረሙት፤ «ይታለፋል እንኳን አይባልም። ግን ይቺ ከሌለች ጋላፊ ድንበር ላይ መተኛት ነው።»

ቤቴ ከገባሁ በኋላም ስለዚያች ካርድ ሳስብ ነበር። ሬዲዮው ያን ሁሉ ሰዓት ሲያወራ የነበረው ስለ አገራት ህብረት ነው። ህብረቱ ግን ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ሻይ ፈሶበት ጥጉ ጠቁሯል።

ካርዷ የኮሜሳ «የሎ ካርድ» ናት። (ከእግር ኳሱ ጋር አትምታታ። በዚህኛው ጨዋታ ከሜዳ የሚወጣው ቢጫ የሌለው ነው።) ኮሜሳ የምሥራቅና ደቡብ አፍሪካ አገሮች የጋራ ገበያ ነው። የካርዷ አሠራር ቀላል ነው። እዚህ መኪናህን ኢንሹራንስ ስታስገባ ጨመር አድርገህ ካርዷን ትገዛለህ። ጂቡቲ ውስጥ ሰው ብትገጭ ወይም አጥር ብታፈርስ እዚያው አገር ያለው የካርዱ ቢሮ የተጎጂውን ጉዳይ ይጨርሳል። ከዚያ ካንተ ኢንሹራንስ ጋር ሂሳቡን ይተሳሰባል። አንተ በየድንበሩ አዲስ ኢንሹራንስ አትገዛም። የተጎዳውም ሰው «ሹፌሩ የውጭ ሰው ነው፣ አገሩ ገባ» ተብሎ ባዶ እጁን አይቀርም።

አሠራሩ የተጀመረው በ1987 ነው። (እዚህ ያሉት ቀኖችና ዓመቶች በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) ያኔ እኛ ዘንድ ደርግ ነበር። ኮሜሳ የሚለው ስም ራሱ አልነበረም፤ የመጣው በ1994 ቀድሞ የነበረውን የንግድ ቀጣና ተክቶ ነው። ከዚያ ወዲህ ደርግ ወደቀ። የሶማሊያ መንግሥት ፈረሰ። ኤርትራ ነጻ አገር ሆነች። ሁለት ዓመት የፈጀ የድንበር ጦርነት መጣ። ሱዳን ለሁለት ተከፈለች። ካርዷ ግን አለች።

ታንዛኒያን እዩ። በ2000 ከኮሜሳ ወጣች። ከካርዱ ግን አልወጣችም፤ መኪኖቿ ዛሬም ይዘውት ይነዳሉ። ምዕራብ አፍሪካም ተመሳሳይ ነገር አለ፤ በ1982 የተጀመረ «ቡናማ ካርድ» ይሉታል። እዚያ ማሊ፣ ቡርኪና ፋሶና ኒጀር በጥር 2025 ከምዕራብ አፍሪካ አገሮች ማኅበር ከኢኮዋስ ሲወጡ ዓለም ሁሉ ሰማ። ኢኮዋስ ግን ፍቺው በጸናበት በዚያው ቀን ለአባሎቹ አንድ መመሪያ አወጣ። የኛ አርማ ያለበትን የሦስቱን አገሮች ፓስፖርት መቀበላችሁን ቀጥሉ፣ ዕቃቸውም እስከ ሌላ ማስታወቂያ እንደ በፊቱ ይለፍ የሚል ነበር። ባልና ሚስት ተፋቱ፣ የጓሮው በር ግን አልተቆለፈም።

እንግዲህ የኔ ሐሳብ እዚህ ጋ ነው። የአገራት ትብብር ሲባል ዓይናችን የሚሄደው ፎቶው ላይ ነው፤ እጅ ለእጅ የተያያዙት መሪዎች፣ ባንዲራው፣ መግለጫው። ዕድሜ ያላቸው ግን ማንም ያላጨበጨበላቸው አሰልቺ ስምምነቶች ናቸው። ስለ ኢንሹራንስ፣ ስለ ኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ስለ ውሃ ቧንቧ፣ ክፍያው በየትኛው ገንዘብ እንደሚሆን። የሚያጨበጭብ የለም። አሠራሩ አንድ ቀን ሲቆም ግን አገር ይጮሃል።

ተቃራኒውን እንይ። ሐምሌ 9 ቀን 2018 አስመራ ላይ በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል የተፈረመውን የሰላምና የወዳጅነት መግለጫ የማያስታውስ የለም። አምስት ነጥብ ነበረው። የጦርነቱ ሁኔታ አበቃ አለ። በፖለቲካ፣ በኢኮኖሚ፣ በደህንነት፣ በባህል እንተባበራለን አለ። ትራንስፖርት፣ ንግድና ስልክ ይቀጥላሉ አለ። በዚያው ዓመት በእንቁጣጣሽ ዕለት በቡሬና በዛላምበሳ ያለው ድንበር ተከፈተ። ሰዉ እየተቃቀፈ አለቀሰ። እኔም በቴሌቪዥን እያየሁ አልቅሻለሁ፤ አልዋሽም።

2019 ሳይጋመስ ድንበሮቹ ተመልሰው ተዘጉ።

ምን ጎደለ? ፖለቲካው ትልቅ ድርሻ አለው፤ ያንን መካድ አይቻልም። ግን ስለ ወረቀቱ ብቻ ላውራ። ድንበሩ ሲከፈት ቀረጥ ስንት ነው የሚል ደንብ አልነበረም። በብር ነው በናቅፋ የሚለው አልተወሰነም። ማን በምን ፈቃድ ይገባል፣ መኪናው ቢጋጭ ማን ይከፍላል፣ ነጋዴ ቢካካድ የት ይከሳል፣ አንዱም አልተጻፈም። ጋሼ ያኔ በቡሬ በኩል ለመሄድ ቋምጠው እንደነበር አጫውተውኛል። «ማንን ጠይቄ ልጫን? የሚጠየቅ ሰው አልነበረም» አሉኝ።

ይህ ጉድለት ደግሞ ለሁለቱ አገሮች አዲስ አልነበረም። በ1993 ኤርትራ ነጻነቷን ስታውጅ ሁለቱ መንግሥታት ጓዶች ነበሩ። የወዳጅነትና የትብብር ስምምነትም ፈርመዋል። ብርም የጋራ መገበያያቸው ነበር። በ1997 ኤርትራ ናቅፋን አወጣች። ያኔ ያላለቀው ጥያቄ ቁጭ ብሎ ጠበቃቸው፦ ከእንግዲህ በምን እንገበያይ? ኤርትራ ሁለቱ ገንዘቦች እኩል እየተመነዘሩ ይቀጥሉ አለች። ኢትዮጵያ ደግሞ ከትንንሽ የድንበር ንግድ በስተቀር በውጭ ምንዛሪና በባንክ ሰነድ ይሁን አለች። ንግዱ ተሰነካከለ፣ ቅሬታው ጠነከረ። በግንቦት 1998 ባድመ ላይ ጥይት ተተኮሰ። ጦርነቱን ያመጣው ናቅፋ ነው እያልኩ አይደለም፤ የድንበሩ ጣጣም፣ የቆየ ቂምም ነበረበት። ግን በጓደኝነት የታለፈው አሰልቺ ጥያቄ ጓደኝነቱ ሲሳሳ ወደ ፊት መምጣቱ አልቀረም።

አሰብ ያን ጊዜ ተዘጋ። የኢትዮጵያ ዋናው ወደብ አሰብ ነበር። እዚያ የቀረ ዕቃ ቀረ። መኪናው ሁሉ ፊቱን ወደ ጂቡቲ አዞረ። እስከ ዛሬ ከውጭ ንግዳችን 90 ከመቶ በላይ የሚሆነው በጂቡቲ ያልፋል ይባላል። ለወደብና ለመተላለፊያ በዓመት ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደሚከፈልም ደጋግመን ሰምተናል።

አዳማ ይህን ለመረዳት የሚመች ቦታ ነው። ከተማዋን ከተማ ያደረጋት ባቡር ነው። ከጂቡቲ የተነሳው ሐዲድ በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ በዚህ አልፎ ነው። ሐዲዱ ሲያረጅ የአስፋልቱ ተራ ሆነ። በ2014 ፈጣን መንገዱ ከአዲስ አበባ መጣ። በ2016 ደግሞ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ተመረቀ። ሞጆ ደረቅ ወደብ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው። ከወደብ የሚመጣው ከባድ መኪና ሁሉ ማለት ይቻላል ወይ እኛ ጋ ያድራል፣ ወይ እኛ ጋ ቁርስ ይበላል። ጎሚስታው፣ መካኒኩ፣ አልጋ ቤቱ፣ ሽሮ ቤቱ፣ የመለዋወጫ ሱቁ የሚኖረው በዚያ መስመር ነው። ጂቡቲ ውስጥ ክሬን ሥራ ያቆመ ቀን እዚህ የፉል ሽያጭ ይቀንሳል። ቀልድ አይደለም፤ ባለ ቁርስ ቤቷን ጠይቁ።

ታዲያ የጂቡቲው ግንኙነት እንዴት ይሄን ያህል ቆየ? የጂቡቲ ሕዝብ 1 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ እኛ ከ120 ሚሊዮን በላይ ነን። ትንሽና ትልቅ ጎረቤት ደግሞ ብዙ ጊዜ አይስማማም። እዚህ ግን አንዱ ከሌላው ኪስ ውስጥ እጁን ማውጣት አልቻለም። ጂቡቲ ወደብ ትሰጣለች። ኢትዮጵያ ከ2011 ጀምሮ ኤሌክትሪክ ትልካለች። ከሶማሌ ክልል ተነስቶ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄድ የመጠጥ ውሃ መስመርም በ2017 ተመርቋል። ባቡሩን የሚያስተዳድረው ኩባንያ የሁለቱም ነው። አንዱ መብራት ቢያጠፋ ሌላው ክሬን ያቆማል። በወደብ ታሪፍ ይነታረካሉ፣ በመዘግየት ይነታረካሉ። ጭቅጭቁ ግን የጋራ ግንብ እንዳላቸው ጎረቤቶች ነው፤ ግንቡን ማንም አያፈርስም።

ጂቡቲ በዚህ ላይ ሌላም ብልሃት አላት። ፈረንሳይ፣ አሜሪካ፣ ጃፓን፣ ጣሊያንና ከ2017 ጀምሮ ቻይና ጦር ሰፈር አላቸው እዚያ። እርስ በርስ ዓይንና ናጫ የሆኑትን ሁሉ በኪራይ አጎራብታቸዋለች። ለትንሽ አገር ይህም አንድ ዓይነት ኢንሹራንስ ነው።

በደህንነቱ በኩል ደግሞ ጸጥ ብሎ የኖረው የኬንያው ነው። ኬንያ ነጻነቷን ባገኘችበት በ1963 ከኢትዮጵያ ጋር የመከላከያ ስምምነት ፈረመች። የሁለቱም ስጋት አንድ ነበር፤ «ታላቋን ሶማሊያ» የሚለው የሞቃዲሾ ሕልም። በኋላ ኢትዮጵያ ሶሻሊስት ሆነች፣ ኬንያ የምዕራቡ ወዳጅ። በቀዝቃዛው ጦርነት ሕግ ጠላት መሆን ነበረባቸው። አልሆኑም። በ1977 የዚያድ ባሬ ጦር ሲገባ ኬንያ ከደርግ ጋር ቆመች። ርዕዮተ ዓለሙ ሌላ፣ ስጋቱ አንድ። ዛሬ በዚያ ወዳጅነት ላይ ሽቦ ተዘርግቷል። ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ኬንያ ውስጥ ሱስዋ የሚደርስ 1,045 ኪሎ ሜትር መስመር በ2022 መጨረሻ 200 ሜጋ ዋት መላክ ጀምሯል። አቅሙ 2,000 ነው።

ወደ ኢጋድ፣ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ አገሮች የልማት ድርጅት፣ ስንመጣ ነገሩ ይወሳሰባል። በ1986 ሲቋቋም ዓላማው ድርቅ ነበር። የ1984ቱ ረሃብ ገና ከዓይን አልጠፋም። በ1996 ስሙን አሳጥሮ ሰላምና ደህንነትን ጨመረበት። አንድ ትልቅ ሥራ ሠርቷል፤ የሱዳንን የሰሜንና የደቡብ ጦርነት ያስቆመው የ2005 ስምምነት በኢጋድ ጥላ ሥር የተደራደረ ነው። ይህ ደግሞ የጭብጨባው ዓይነት ነበር፤ ስለዚህ የኔ ደንብ ሁልጊዜ አይሠራም።

ከዚያ በኋላ ያለው ግን የመውጣትና የመግባት ታሪክ ነው። ኤርትራ በ2007 አባልነቷን አቋረጠች፤ በ2023 ተመለሰች፤ በ2025 መጨረሻ እንደገና መውጣቷን አሳወቀች። ሱዳን በጥር 2024፣ ኢጋድ የተቀናቃኙን ጦር መሪ ወደ ጉባኤ ጋብዟል ብላ አባልነቷን አገደች። ይህ ሁሉ ሲሆን ኬንያ ያለው የኢጋድ የአየር ትንበያ ማዕከል ዝናቡ መቼ እንደሚገባ እየተነበየ ነበር። አርብቶ አደሩ የሚጠቅመው ያ ነው። ዜና አይሆንም እንጂ።

እኛ አገር ዕድርን የማያውቅ የለም። ዕድር የሚጸናው ሰዉ ስለሚዋደድ አይደለም፤ ቀብር ያልመጣ ስለሚቀጣ ነው። የኛ ቀጠና ማኅበሮች ሲቀጡ ግን ብዙም አይታይም። አንዱ አገር በሦስት በአራት ዕድር ይመዘገባል። ኬንያ የኢጋድም፣ የኮሜሳም፣ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብም አባል ናት። ሶማሊያ በ2024 የምሥራቅ አፍሪካውን ጨምራለች። ኢትዮጵያ የኮሜሳ አባል ብትሆንም በ2000 ከተጀመረው የኮሜሳ ነጻ የንግድ ቀጣና ለረጅም ዘመን ውጭ ቆይታለች። ድንኳኑ ላይ ስማችን አለ፣ ንፍሮው ላይ ግን የለንም። ብሪክስ የሚባለውን የአገሮች ስብስብም ከጥር 2024 ጀምሮ ተቀላቅለናል። ስሙ ከባድ ነው፤ ጋላፊ ላይ ግን የሚያሳልፍ ወረቀት የለውም። የአህጉሩ ነጻ ንግድ ቀጣና ይሻላል፤ ቢያንስ የዕቃና የቀረጥ ዝርዝር አለው። ዝርዝር ያለው ነገር ተስፋ አለው።

አሁን ከሁሉ በላይ የሚያወዛግበው የቀይ ባሕር ጉዳይ ነው። በጥር 2020 ሪያድ ላይ የቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ ዳር አገሮች ምክር ቤት ተቋቋመ። ሳዑዲ፣ ግብጽ፣ ሱዳን፣ ጂቡቲ፣ የመን፣ ዮርዳኖስ፣ ሶማሊያና ኤርትራ ገቡ። ኢትዮጵያ ዳርቻ የላትም ተብላ ውጭ ቀረች። ከባሕሩ ብዙ ዕቃ ከሚያወጡት አንዷ ሆና ስለ ባሕሩ በሚመክረው ጠረጴዛ ላይ ወንበር የላትም። ጥር 1 ቀን 2024 ስለ ባሕር በር ከሶማሊላንድ ጋር የተፈረመው የመግባቢያ ሰነድ ሞቃዲሾን አስቆጣ። በጥቅምት ወር የግብጽ፣ የኤርትራና የሶማሊያ መሪዎች አስመራ ተሰበሰቡ። በታኅሣሥ ቱርክ ገብታ አንካራ ላይ የኢትዮጵያና የሶማሊያ ሌላ መግለጫ ወጣ። በየካቲት 2025 መጨረሻ ቴክኒካዊ ድርድር ተጀምሮ በ4 ወር ይለቅ ይላል። አራቱ ወራት አለፉ። ሹፌር ኪስ የገባ ወረቀት ግን አላየሁም።

ከዚያ በፊት የበርበራም ነገር አለ። በ2018 ኢትዮጵያ የወደቡን 19 ከመቶ ድርሻ ትይዛለች ተባለ፤ ዜናው ደምቆ ነበር። በ2022 የሶማሊላንድ ባለሥልጣናት ኢትዮጵያ መስፈርቱን ስላላሟላች ድርሻው ቀርቷል አሉ። ተጨብጭቦ ተረሳ።

በ1982 የወጣው የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ወደብ አልባ አገሮች ወደ ባሕር የመድረስና የመተላለፍ መብት አላቸው ይላል። ዝርዝሩን ግን ከሚያስተላልፈው አገር ጋር ተስማሙ ብሎ ለሁለቱ ይተወዋል። ጣጣው ያለው ዝርዝሩ ላይ ነው። ኮንቴይነር ስንት ቀን በነጻ ይቆያል? ክፍያው በምን ገንዘብ ነው? ጠብ ቢነሳ የቱ ፍርድ ቤት ያያል? መሪ ቢለወጥ ውሉ እንዴት ይጸናል? ስለ ወደብ በቴሌቪዥን የሚከራከሩት ሰዎች እነዚህን አራት ጥያቄዎች ሲያነሱ ሰምቼ አላውቅም። ታሪክና ቁጭት ይቀላቸዋል። ቁጭቱ የኔም ነው፤ ግን ቁጭት ኮንቴይነር አያወርድም።

ይህን ሁሉ ለጋሼ ሳስረዳ አንድ ነገር ጠየቁኝ፣ መልስም አጣሁለት። «ኤርትራስ የቢጫ ካርዱ አባል አይደለች?»

ናት። ኮሜሳ ውስጥ ናት፣ ካርዱንም ተቀብላለች። በወረቀቱ ከሄድን ጋሼ ነገ ጠዋት ቢጫዋን ይዘው አሰብ መግባት ይችላሉ። ኢንሹራንሱ ዝግጁ ነው፣ መንገዱ ነው ዝግ። እዚህ ላይ ካርዱም አቅም የለውም። ፎቶው ብቻውን ድንበር ክፍት አድርጎ እንደማያቆይ ሁሉ፣ ወረቀቱም ብቻውን የተዘጋ ኬላ አይከፍትም።

ጋሼ ሻያቸውን ጨለጡ። በወጣትነታቸው ረዳት ሆነው አሰብ ተመላልሰዋል። የድሮውን መስመር በጣታቸው ይቆጥሩልኝ ጀመር። ወለንጪቲ፣ መተሐራ፣ አዋሽ፣ ገዋኔ፣ ሚሌ፣ ሎጊያ፣ ዲቾቶ። እስከዚህ ዛሬም የሚሄዱበት ነው። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ጋላፊ። በሌላኛው እጃቸው ቀጠሉ። ኤሊዳአር፣ ማንዳ፣ ቡሬ...

ቡሬ ላይ ጣታቸው ቆመ። ረዳታቸው ከውጭ «ጋሼ፣ ጎማው ታይቶ አልቋል!» ብሎ ተጣራ። ወረቀታቸውን ሰብስበው፣ ቢጫዋን ከላይ አድርገው፣ ሂሳብ ከፍለው ወጡ። የኔንም ሻይ ከፍለውልኝ ነበር።